ሣር ፍለጋ የወጣንበት ክረምት

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ሳሪስ አቦ የምትኖረው እህቴ ደወለችልኝና ዘንድሮ ክረምቱ እንዴት እንደተመቻት ነገረችኝ። ከወሩ መግቢያ ወዲህ ጃንጥላ ይዛ አታውቅም፤ ጫማዋን ጭቃ አልነካውም፤ የልጆቿ ልብስ ታጥቦ በዕለቱ ይደርቃል። እኔ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል አጣብቄ እርሻችን ውስጥ ቆሜ ነበር። ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቆ አንዱ ስንጥቅ የላስቲክ ጫማዬን ውጦብኝ እሱን እየጎተትኩ ነው የማዳምጣት። «አዎ፣ ደስ ይላል» አልኳትና ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ስትደውል ብዙ ጊዜ አላነሳሁላትም። እሷ ምንም አላጠፋችም። ከተማ ውስጥ ላለ ሰው ዝናብ የታክሲ ሰልፍ የሚያስረዝም ጣጣ ነው። እኔም ከማግባቴ በፊት እንደዚያው አስብ ነበር።

የተወለድኩት አቃቂ፣ የባቡር ሠራተኞች በሰፈሩበት መንደር ነው። አባቴ ሀዲድ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ እናቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ቆማ አረጀች። ቤታችን ውስጥ ስለ ፈረቃና ስለ ሠራተኛ ቅነሳ እንጂ ስለ ሰማይ ተወርቶ አያውቅም። ባሌን ያወቅኩት ባጃጁ ላይ ተሳፍሬ ነው። «ከአስፋልቱ ማዶ ትንሽ መሬት አለችን» ሲለኝ ስለ ጓሮ የሚያወራ መስሎኝ ነበር። በሬዎችና ላም ያለው፣ ጠዋት አርሶ ከሰዓት በኋላ ባጃጅ የሚነዳ ገበሬ ማግባቴ የገባኝ ከሠርጉ በኋላ ነው።

ቤቱ የእናቱ ነው። ደጃፋችን ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ያየ ሰው ፋብሪካዎቹንና ከኋላቸው የቆሙትን የኮንዶሚኒየም ፎቆች ያያል፤ ወደ ደቡብ ካየ እርሻ ብቻ ነው። አማቴ ባላቸውን ከቀበሩ ጀምሮ መሬቱን የሚያዙት እሳቸው ናቸው። ከልጃቸው ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ ሲናደዱ ሁለቱን ይቀላቅሉታል። በዚያ ክረምት ብዙውን ጊዜ የሰማሁት ቅልቅሉን ነው።

ነገሩ የጀመረው በማታለል ነው። በልጉ ጭራሽ ቀርቶ፣ ሰኔም ደርቆ ከወጣ በኋላ ሐምሌ ሲገባ ዶፍ ጣለ። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ጣሪያው ሲንጫጫ እየሰማ ለብቻው ሳቀ። በማግስቱም ደገመ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ መዝራት ጀመረ። ባሌ አፈሩ በደንብ እስኪጠግብ ትንሽ እንጠብቅ ብሎ ነበር፤ አማቴ ግን ጤፍ በቀኑ ካልተዘራ ምን ዋጋ አለው ብለው ገሠጹትና እኛም ዘራን። ጤፉ በቀለ። ማለዳ ወጥቼ ያንን ከፀጉር የቀጠነ አረንጓዴ ነገር ጎንበስ ብዬ ሳየው፣ ከተማ ያደግኩት እኔ እንኳ የራሴ የሆነ ነገር ያገኘሁ ያህል ሆዴ ሞቅ አለ።

ከዚያ ዝናቡ ቆመ።

ደመናውንም ይዞ ቢቀር ደግ ነበር። ደመናው ግን በየቀኑ ይመጣል። ከቀትር በኋላ በየረር ተራራ በኩል ይጠቁራል፣ ያጉረመርማል፣ ነፋሱ ይነሳል። እኛ የተሰጣ ልብስ እንሰበስባለን፣ ማገዶ ወደ ውስጥ እናስገባለን፣ አማቴ በርሜሉን ከጣሪያው አሸንዳ ሥር ይደቅናሉ። ጥቂት ጠብታዎች አቧራው ላይ ጠብ ጠብ ይላሉ። ከዚያ ነፋሱ ሁሉንም ጠራርጎ ወደማናውቀው አገር ይነዳዋል፤ ፀሐይም ምንም እንዳልተፈጠረ ትወጣለች። ላም አለኝ በሰማይ ይሉት ነገር ነው። ቁርጡን ብናውቅ ሰው ተስፋ ቆርጦ ያርፍ ነበር። የኛው ሰማይ ግን በየቀኑ ቀጥሮ በየቀኑ ይቀርብናል። እኔን ያበገነኝ ከድርቁ ይልቅ ቀጠሮው ነው።

ቡቃያው መጀመሪያ ጫፉ ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎ ስነካው እጄ ላይ የሚበተን ገለባ ሆነ። አሁን ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ጠብቁ ሲል የነበረው ባሌ፣ ጎተራ ያለውን ዘር እናውጣና ደግመን እንዝራ ማለት ጀመረ፤ ካልዘራን ሲሉ የነበሩት አማቴ ደግሞ የቀረውን ዘር ለፀሐይ አላበላም ብለው የጎተራውን በር ዘጉ። ሁለቱም ትክክል ይመስሉኛል፤ ሁለቱም ያናድዱኛል። ምሳ ስናቀርብ አንዱ በር በር ያያል፣ ሌላው ግድግዳ። እኔ በመሃላቸው ጨው አቀብላለሁ።

ግቢያችን ውስጥ ያለው የእጅ ጉድጓድ ሐምሌ ሳያልቅ ጭቃ ብቻ ማውጣት ጀመረ። በክረምት ጉድጓድ ሲደርቅ ይታያችሁ። ከዚያ ወዲህ ውሃ የምናገኘው ከአቃቂ ቦኖ ነው። ባሌ የባጃጁን የኋላ መቀመጫ ይነቅልና ጀሪካኖቹን ደርድረን እንሄዳለን፤ እኔ ተሰልፌ እጠብቃለሁ፣ እሱ እስከዚያ ያለ መቀመጫ የሚሳፈር ሰው የለምና ጥግ ይዞ ያፏጫል። አንዳንድ ቀን ወረፋዬ ሲደርስ ውሃው ይሄዳል። ያመጣነውን ደግሞ ግማሹን የምትጠጣው ላሟ ናት። ልትወልድ ተቃርባ ነበርና ማንም አይከለክላትም። ጎኗ ላይ አጥንቶቿ ሲቆጠሩ፣ ሆዷ ግን ወደ ታች ሲከብድ ማየት ያስጨንቃል።

አንድ እሑድ ባሌ ጓደኛው የውሃ ፓምፕ እንደሚያውሰው ነገረን። ወንዙ ቅርብ ነው። ከወንዙ ስበን ቢያንስ የታችኛውን እርሻ እናጠጣው፣ ዘሩንም ደግመን እንዝራ አለ። የአቃቂን ወንዝ ለማያውቅ ሰው ይሄ ቀላል ነገር ይመስላል። ወንዙ የከተማውን ጉድ በሙሉ ተሸክሞ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። ቀለሙ እንደ ፋብሪካው ፈረቃ ይለዋወጣል፤ አንዳንድ ጠዋት አረፋው እንደ ሳሙና ተቆልሎ ይሄዳል።

አማቴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙትና «ከዚያ ወንዝ የጠጣች ጊደሬን ጎትቼ የቀበርኳት እኔ ነኝ» አሉት። «አንተ ረስተኸው ይሆናል።»

«ከተማው በሙሉ በሱ የበቀለ ጎመን ይበላ የለም?» አላቸው።

«ይብላ። የኔ መሬት ግን አይጠጣውም።»

ባሌ ተነስቶ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ጎሕ ሲቀድ ባጃጁን አስነስቶ ይሄዳል፣ ሲመሽ ይመጣል፣ ወደ እርሻው ዞር ብሎ አያይም። ሳናግረው ደክሞኛል ይላል። እሱ በሥራ ተሸሸገ፣ እናቱ በጸሎት። እኔ መሸሸጊያ ስላልነበረኝ ጉድጓዱ ዳር እየሄድኩ ገመዱን እጥላለሁ፣ ባልዲው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ሰምቼ እመለሳለሁ። ማን ልክ እንደነበር አሁንም አላውቅም።

ነሐሴ ሲገባ ቤተ ክርስቲያኑ ምሕላ ያዘ። የመስጊዱ ሰዎችም ሜዳ ወጥተው ለዝናብ ሰገዱ። አማቴ ምሕላውን አልቀሩም፤ ግን እሱ ብቻ አልበቃቸውም። አንድ ጠዋት ሲንቄያቸውን ከግድግዳው አውርደው ቅቤ ሲቀቡት አየሁ። ሲንቄ ሴት ልጅ ስታገባ እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ነው፤ የተቸገሩ ሴቶች እሱን ይዘው ሲወጡ ሰው መንገድ ይለቅላቸዋል። የመንደሩ ሴቶች ወንዝ ወርደን ዝናብ እንለምናለን፣ አንቺም ትመጫለሽ አሉኝ። ሲንቄ የለኝም ስላቸው ሣር ትይዣለሽ አሉ።

መሄድ አልፈለግኩም። አቃቂ የሚያውቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ የሰፈሬ ልጆች በስልካቸው ሲቀርጹኝ ታየኝ። እምቢ ለማለት ግን አቅሙ አልነበረኝም። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ችግሩ ሣሩ ነበር። ለዚህ ልመና እርጥብ ሣር መያዝ ግድ ነው። እርጥብ ሣር ግን አልነበረም። የእርሻውን ዳር ዳር ሄድን፤ ቦዩን አየን፤ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ዞርን። ያለው ሁሉ ወይ ደርቋል ወይ ከብት ግጦት አፈር ሆኗል። በነሐሴ ወር፣ በዚያ አገር፣ አንድ እፍኝ ሣር ጠፋ። አማቴ ቆመው ዙሪያቸውን ሲያዩ ፊታቸው ላይ እስከዚያ ያላየሁት ነገር ነበር፤ እፍረት ይመስላል። ከሴቶቹ አንዷ ናት ፋብሪካው በር ላይ ሣር አለ ያለችው።

እውነቷን ነው። አስፋልቱ ዳር ያለው አዲሱ ፋብሪካ ከአጥሩ ውስጥ፣ ከቢሮው ፊት ለፊት፣ የተከረከመ አረንጓዴ መስክ አለው። ነጭ የለበስን ሴቶች በትር ይዘን በአስፋልቱ ጠርዝ ተሰልፈን ሄድን። ሲኖትራኮች ጥሩምባ እየነፉ ያልፉናል። በሩ ላይ ስንደርስ ጥበቃው፣ ሸበቶ ሽማግሌ፣ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ሣር ፈልገን ነው» አሉት አማቴ።

«ሣር?»

«እርጥብ ሣር። ለእያንዳንዳችን አንድ እፍኝ።»

ሰውየው ሲንቄውን አየና ባርኔጣውን አወለቀ። የራሱ ቢሆን ኖሮ ነጭቶ ራሱ እንደሚሰጠን፣ ግን እሱ ጥበቃ እንጂ ባለቤት እንዳልሆነ፣ መስኩም ለእንግዳ ማረፊያ የተሠራ እንደሆነ በትሕትና አስረዳን። አማቴ አመሰገኑትና እዚያው በሩ መሃል መሬት ላይ ተቀመጡ። የቀሩትም ተቀመጡ። እኔም ምን አማራጭ አለኝ፣ ተቀመጥኩ። ጭኖ የመጣ መኪና ከኋላችን ቆመ። ሌላም ተጨመረ።

በመጨረሻ ከቢሮው አንድ ወጣት ሥራ አስኪያጅ ወጣ፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። ገና ሳይደርስ የመሬት ካሣ ጉዳይ ከሆነ ወረዳ ነው የሚታየው ማለት ጀመረ። ጥበቃው ጆሮው ላይ ነገረው።

«ሣር ብቻ?» አለ።

«ሣር ብቻ» አሉት አማቴ።

ለዚህ መልስ የሚሆን መመሪያ ያልነበረው ይመስለኛል። መኪናዎቹን አየ፣ እኛን አየ፣ ከአጥሩ ሥር ካለው ብቻ እንድንነጭ ፈቀደልን።

ገባን። ከአጥሩ ሥር ጎንበስ ብዬ መንጨት ስጀምር አንድ ድምፅ ሰማሁ። የውሃ መርጫ ነው። መስኩ መሃል ቆሞ እየተሽከረከረ ይረጫል፤ የተረፈው ሲሚንቶው ላይ ፈሶ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ሴቶቹ ሁሉ መንጨት አቁመው እሱን ያያሉ። አንዷ ተጠግታ እጇን ዘረጋችና ፊቷን አራሰች። እኔ ደግሞ ጉድጓዱ ዳር የቆምኩት፣ ቦኖ የተሰለፍኩት፣ በባልና በእናቱ መሃል የተቀመጥኩት ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። ፊቴን ሸፍኜ የመጣሁት እኔ፣ ነጠላዬ ከራሴ ላይ መውደቁን ያወቅኩት ከተናገርኩ በኋላ ነው።

«ይሄ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?»

«የራሳችን ጉድጓድ ነው» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። «በማሽን የተቆፈረ፣ ጥልቅ ነው።»

«የኛም የራሳችን ነበር። ደረቀ።»

ለከብቶቻችን የሚጠጣ ውሃ ስጡን አልኩት። ይሄ በእሱ ሥልጣን የሚወሰን እንዳልሆነ፣ ማመልከቻ ማስገባት እንዳለብን ነገረኝ። ላሟ ማመልከቻው እስኪፈረም አትጠብቅም ብዬ መለስኩለት፤ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኾ ነበር። አማቴ ክንዴን ያዙኝና «ዛሬ ለሣር ነው የመጣነው» አሉኝ። ሣራችንን ይዘን ወጣን።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ሽታው ተቀበለን። ሴቶቹ ያዜማሉ፣ አማቴ በኦሮምኛ ፈጣሪን፣ ዋቃን ይለምናሉ፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሣሩ ውሃው ውስጥ ተነክሮ መረጨት ነበረበት። አማቴ ጠርዙ ላይ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ውሃው ጥቁር ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ጫፉን ብቻ ነከሩና ወደ ሰማይ ረጩት። እኔም ነከርኩ፤ እጄን ለቀናት አሳከከኝ።

ዝናብ አልዘነበም። ያን ዕለትም ደመናው መጣ፣ አጉረመረመ፣ ሄደ። ቤት ስንገባ ንዴቴን መዋጥ አቃተኝ። ሣር ለመንን፣ ውሃ ለመንን፣ ሰማይ ለመንን፤ ምን አገኘን አልኳቸው። አማቴ ሲንቄያቸውን ቦታው ላይ እየሰቀሉ «ልመናም ሥራ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «በአንድ ቀን አያልቅም።»

ይሄን ያሉት ስለ ፈጣሪ ነበር። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የሰማሁት። በማግስቱ ማመልከቻ ጽፌ ፋብሪካው በር ላይ ተገኘሁ። ጸሐፊዋ ተቀብላኝ ነገ ተመለሺ አለችኝ። ነገ ተመለስኩ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው። እንደገና ተመለስኩ፤ ማመልከቻው ወደ ዋናው ቢሮ ተልኳል። ጥበቃው ስመጣ ሳይጠይቀኝ በርጩማ ያወጣልኛል። ሥራ አስኪያጁ በመኪናው ሲገባም ሲወጣም እዚያው ያየኛል። መጀመሪያ ሰላም ይለኝ ነበር፣ ኋላ ፊቱን ማዞር ጀመረ። ባሌ ሰምቶ ምን ያደርግልሻል፣ የሰው መሳቂያ ታደርጊናለሽ አለኝ። አንተ እርሻህን ማየት ስትጀምር እኔ ፋብሪካ መሄድ አቆማለሁ አልኩት። ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ ተነጋግረን አናውቅም።

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ መኪናውን አቁሞ መስኮቱን አወረደ። «ማመልከቻሽ መልስ አላገኘም» አለኝ። «ግን እዚህ ተቀምጠሽ ስትውይ ማየት ሰልችቶኛል።» ከአጥሩ ቀዳዳ ቱቦ እንደሚያወጡልን፣ ለከብት ብቻ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ እንደሆነ ነገረኝና መልሴን ሳይሰማ ገባ።

ከመሃል ለሁለት የተቆረጠ በርሜል አጥሩ ሥር አኖርን። ወሬው በዚያው ቀን መንደሩን አዳረሰ፤ ከብቶቹ በየተራ መጡ። ባሌ ላሟን እየነዳ መጣና ስትጠጣ አንገቷን እያሻሸ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ነው እርሻውን ዞሮ ማየት የጀመረው። ላሟ ጳጉሜን ላይ ወለደች፤ ጥጃው ወንድ ነው፣ ቀጭን፤ ለመቆም ብዙ ተቸግሮ ቆመ።

ዝናቡ የመጣው ያኔ ነው፤ ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ ካለፈ በኋላ። ሲመጣም በረዶ ቀላቅሎ፣ የደረቀውን መሬት እየጠረገ ጎርፍ ሆኖ ነው። አንዱ ምሕላው ነው ይላል፣ ሌላው ሲንቄው ነው ይላል፣ ሬዲዮው ስለ ውቅያኖስ መሞቅ ያወራል። ሁሉንም መስማት አስጠላኝ። የማን ሥራ ቢሆን፣ ለምን ከወር በፊት አልሆነም?

አማቴ ግን በዚህ ጊዜ አላጠፉም። ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ተሰናብቶ አፈሩ እርጥበት ሲይዝ ነው፤ እሱን ያውቁታል። የሽምብራውን ዘር አውጥተው ልጃቸው እግር ሥር አኖሩት። እሱም በሬዎቹን ጠመደ። ይቅርታ የተባባሉበትን ቃል አልሰማሁም፤ እሱ ሲያርስ እሳቸው ከኋላው እየዘሩ ሲሄዱ ነው ያየሁት።

ሽምብራው ያዘ። ጤፍ ግን ቤታችን አልነበረም። ጎተራ የቀረውን ዘር አማቴ አላስነካ አሉ፤ የመጪው ዓመት ነው። የገና በዓል ሲቃረብ አቃቂ ገበያ ጤፍ ልንገዛ ሄድን። በሕይወታቸው ጤፍ ገዝተው አያውቁም፤ ወደ ገበያ የሚሄዱት ሊሸጡ ነበር።

የእህል ሱቁ ባለቤት የስልጤ ሰው ነው፣ ድሮ ከሳቸው ይገዛ የነበረ። ሲያያቸው ተነስቶ ወንበር ሰጣቸው፤ ምን እንዳመጡለትም ጠየቃቸው። ሊገዙ እንደመጡ ስነግረው ደነገጠ፤ ወዲያው ግን ጆንያ ከፈተላቸውና ዞር ብሎ ሚዛኑን መጥረግ ጀመረ። አማቴ እፍኝ ዘግነው በመዳፋቸው አሹት፣ ገለባውን እፍ አሉት፣ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

«የየት አገር ነው?» አሉት።

«የጎጃም ነው፣ እናቴ።»

«እዚያ ዘንቧል ማለት ነው» አሉ፤ ጤፉን መልሰው ጆንያው ውስጥ አፈሰሱና መዳፋቸው ላይ የቀረውንም በጣታቸው ጠርገው ጨመሩት። ከዚያ እንዲመዝንልን ነገሩት።